የሬዲዮው ቅጠል

«ዛሬም ጠጥቻለሁ፤ ለእሱ ግን ትንፍሽ እንዳትይ።»

የታላቅ እህቱ ድምፅ የመታጠቢያ ቤቱን ስስ ግድግዳ አልፎ ሲመጣ፣ ሊቁ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ ግማሹ ገና በአረፋ እንደተሸፈነ ነበር። ምላጩን ከጉንጩ አነሳና ጆሮውን አቀና። ሚስቱ ከኩሽናው ውስጥ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የሆነ ነገር መለሰች፤ ቧንቧው ተከፍቶ ስለነበር አልተሰማውም። እህቱ ግን ሹክሹክታ የሚባል ነገር ያልፈጠረባት ሴት ናትና «ስድን ራሴ ነኝ የምነግረው። ያን ቀን ፊቱን ማየት ነው የምፈልገው» ስትል ቃል በቃል ሰማት። ሌላ ሰው ቢሆን ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጥቶ «ምንድን ነው የጠጣሽው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ሊቁ ግን የምርምር ሰው ስለሆነ ሳይጠይቅ ደመደመ። ስኳር ቀንሺ ብሎ ሲጨቀጭቃት ስለከረመ፣ ተደብቃ የምትጠጣው ለስላሳ ነው አለና የቀረውን ግማሽ ፊቱን ተላጨ። እንዲያውም ትንሽ አዘነላት። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ምን ያደርጋታል ብሎ፣ እንዳልሰማ ሆኖ ሊያልፋት ወሰነ። በራሱ ቸርነት ልቡ ተነክቶ ከመታጠቢያ ቤት ወጣ።

ሊቁ እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ልጅ ሆኖ መጽሐፍ ይዞ ሽንት ቤት እየገባ የቤቱን ሰው ሁሉ ወረፋ ስላስያዘ፣ እህቱ በፌዝ ያወጣችለት ነው። እሱም በበኩሉ እሷን ከእትዬ ሌላ ጠርቷት አያውቅም። ፌዙ ኋላ እውነት መሰለና ሰውየው ዶክተር ሆነ፤ የሰው ዶክተር ሳይሆን የቅጠል። ዘመድ አዝማድ ግን ይህን ልዩነት ሰምቶ እንዳልሰማ ስለሚሆን፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ጉልበቱን የሚያሳየው፣ ምላሱን የሚያወጣለት አይጠፋም። ሥራው በየአጥሩ ሥር ከሚበቅል፣ ፍየል እንኳ ዞር ብላ ከማታየው ቅጠል ውስጥ ጭንቀት የሚያረግብ ንጥረ ነገር ማውጣት ነው። ቅጠሉን ያደርቃል፣ ይፈጫል፣ ይዘፈዝፋል፣ ያጠልላል፤ ከዚያ ለአይጦች ያጠጣና የተጨነቁትን ካልተጨነቁት ይለያል። የመጨረሻ ግቡ ካንሰር ታማሚዎች በፍርሃት እንቅልፍ አጥተው እንዳያድሩ ማድረግ ነው። ይህንን በየስብሰባው ሲናገር ድምፁ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቦታ ይሰበራል፤ አስቦበት ነው።

ካንሰር ታማሚዋ ግን ቤቱ ውስጥ ነበረች። እትዬ ጡቷ ላይ እብጠቱ ከተገኘ ጀምሮ ለሕክምናው እንዲቀርባት ብላ እሱ ጋ ነው የተቀመጠችው፤ ቀድሞ የጥናት ክፍሌ ይላት የነበረችው ጠባብ ክፍል ለእሷ ተለቀቀች። መጻሕፍቱ ኮሪደር ላይ ተቆልለው ሁሉም ሰው በጎን እየሾለከ ያልፋል። ክፍሏ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ የመድኃኒት ጠርሙሶች የተደረደሩበት መስኮትና የሊቁ ዲግሪዎች የተሰቀሉበት ግድግዳ አለ። ዲግሪዎቹን ላንሳልሽ ቢላት «ተዋቸው፤ ሰው ሲመጣ አሳያለሁ» አለችው። ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ ቆም ብሎ «እንዴት አደርሽ?» ይላል፤ «ደህና» ትላለች፤ ስለ አየሩ አንድ ነገር ይባባላሉ፤ ይሄዳል። ሲመለስም እንደዚያው። ቀኑን ሙሉ ስለ ጭንቀት ሲያወራ የሚውል ሰው፣ ቤቱ ሲገባ አፉ ቢደክመው ምን ይገርማል?

ከወራት በፊት አንድ የጤና ፕሮግራም ሬዲዮ ላይ ጋብዞት ነበር። ለዚያ ቀን አዲስ ክራቫት አሰረ፤ ሬዲዮ ክራቫት እንደማያሳይ ትዝ ያለው ስቱዲዮው በር ላይ ሲደርስ ነው። ጋዜጠኛው «ታዲያ ለታማሚዎች የምሥራች አለዎት ማለት ነው?» ሲለው፣ ሐቀኛው መልስ «አይጥ ከሆኑ ምናልባት» የሚል ነበር። ሊቁ ግን መስታወት ፊት ሲለማመደው ያደረውን ዓረፍተ ነገር አወጣ፤ «ተፈጥሮ ለፍርሃታችን መልሱን ደጃችን ላይ አስቀምጣልናለች።» ጋዜጠኛው እንኳ ትንፋሹን ዋጠ። ቅጠሉን ብዙ ቀን የጠጡት አይጦች ጉበታቸው ማበጡን አልተጠየቀም፤ እሱም አልተናገረም። የምርምር ጽሑፉ ላይ ግን አለ፤ ከሠንጠረዡ ግርጌ፣ ዓይን በሚያጠፋ ፊደል። ከዚያ ወዲህ ቅጠሉ ገበያ ገባ። በነጻ ይነቀል የነበረው በእስር በእስር ሆኖ ከሥጋ ጋር በዋጋ መፎካከር ጀመረ። አንድ ቀን ለቤተ ሙከራው ሊገዛ ሄዶ ተወደደ ብሎ ቢከራከር፣ ሻጯ ከላይ እስከ ታች አየችውና «ወንድሜ፣ ሬዲዮ አትሰማም እንዴ? ተፈጥሮ ለፍርሃታችን መልሱን ደጃችን ላይ አስቀምጣልናለች» አለችው። ዋጋው ቢያናድደውም አንጀቱ ቅቤ ጠጣ፤ ሳይከራከር ከፈለና ሄደ።

የዛሬው ቀን የእትዬ የኬሞ ቀን ነው። ሚስቱ ወደ ሥራዋ ስትሄድ፣ ወንድምና እህት ታክሲ ይዘው ወደ ሆስፒታል ሄዱ። እትዬ ሻሿን ግንባሯ ድረስ አስራ፣ ፔርሙዝ ያለበት የጨርቅ ቦርሳ ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀመጠች። «ምንድን ነው የያዝሽው?» ሲላት «ሙቅ ውሃ» አለች፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች። ሊቁ በልቡ ሳቀ። ለስላሳ በፔርሙዝ! እህቱ ስታረጅ ሌብነት ተማረች ብሎ፣ ለሚስቱ ማታ ሊያወራላት አሰበ። መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቶ፣ ሁለቱም የማያውቁትን የኳስ ቡድን ውጤት አዳምጠው ደረሱ። በመካከላቸው ከዚህ የበዛ ወሬ አልነበረም።

የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ የካንሰር ሐኪሟ ወደ ክፍሏ አስጠራቻቸው። ፀጉሯን አጥብቃ ያሰረች፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። የእትዬ የጉበት ውጤት ካለፈው ጊዜ በጣም ከፍ ብሏል፤ ዛሬ ኬሞ አይሰጣትም። ችግሩ ደግሞ እዚያ ላይ የሚያቆም አይደለም። «ጉበትዎን የጎዳው የምንሰጥዎ መድኃኒት ከሆነ፣ ለማቆም እገደዳለሁ» አለች። «እብጠቱን እያሟሸሸልን ያለው ግን እሱ ነው። ከዚያ የሚሻል በእጄ የለም። እስኪ ይንገሩኝ፤ ከእኛ መድኃኒት ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ? ቅጠላ ቅጠል፣ ሥራሥር?» እትዬ የቦርሳዋን ማንገቻ ጨበጥ አድርጋ «ኧረ ምንም» አለች። ሐኪሟ ዓይኗን ከእሷ ሳትነቅል ሊቁ ጣልቃ ገባ። ደረቱን ነፍቶ፣ እሱ ራሱ በዘርፉ ባለሙያ መሆኑን፣ እህቱ ከዓይኑ ሥር እንደማትጠፋ፣ እሱ እያለ እንዲህ ያለ ነገር የቤቱን ደጃፍ እንደማይረግጥ አስረዳ። በመድኃኒትና በቅጠል መካከል ስላለው መጋጨት አጭር ትምህርትም ጨመረላት። ሐኪሟ ትምህርቱን በትዕግሥት ሰምታ ስትጨርስ፣ ከባልደረባዋ ጋር ተማክራ ስለ መድኃኒቱ ዛሬውኑ እንደምትወስን ነግራ ውጭ እንዲጠብቁ አዘዘች።

መጠበቂያው ክፍል ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ የተቀባ፣ ወንበሮቹ እርስ በርስ በብረት የተያያዙ ነው፤ አንዱ ሰው ሲነሳ ሌላው ይንቀጠቀጣል። ሊቁ ገና ተቀምጦ እትዬን «አትጨነቂ፣ መፍትሔ አይጠፋም» ሲላት፣ ከፊት ለፊቱ የነበረች ጡረታ የወጣች መምህርት ቀና አለች። «ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ! ሬዲዮ ላይ የነበሩት እርስዎ አይደሉም?» አለች። ክፍሉ በሙሉ ዞረ። ጉሮሮው ላይ ፋሻ የታሰረ ልብስ ሰፊ ሊጨብጠው ተነሳና ወንበሩ ተንቀጠቀጠ። ሊቁ ደስታውን ለመደበቅ መነጽሩን አወለቀና አጠራረገ። መምህርቷ ከቦርሳዋ ፔርሙዝ አወጣች፤ ልብስ ሰፊውም ከእግሩ ሥር አነሳ፤ ጥግ ላይ የተቀመጡት ሁለት ሴቶችም እንደዚያው። «እግዜር ይስጥልን። ስንት እፍኝ በስንት ውሃ እንደሚፈላ ደግሞ እህትዎ ናቸው ያስተማሩን። ይኸው ሁላችንም ተኝተን እያደርን ነው» አለችው መምህርቷ፣ ክዳኑን እየፈታች።

ክዳኑ ሲከፈት ሽታው መጣ። ሊቁ ያንን ሽታ ከሕልሙ እንኳ መለየት ይችላል። ለዓመታት ጋዎኑ ላይ፣ ጣቶቹ ላይ፣ የቦርሳው ማንገቻ ላይ ኖሯል። ባለፉት ወራት ቤቱም በዚያው ሽታ ይታጠን ነበር፤ እሱ ግን ከራሱ ልብስ የመጣ እየመሰለው ሸሚዙን በየቀኑ ሲቀይር ከርሟል። ለስላሳ! አለ በልቡ። ቆሌው ተገፈፈ። ወደ እህቱ ዞሮ ሲያይ፣ እትዬ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሕፃን ፔርሙዟን ወደ ጎኗ ገፋ አድርጋ የሻሿን ጫፍ ታስተካክል ነበር። ክንዷን ይዞ ደረጃው ጋ ወዳለው መስኮት ወሰዳት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሬዲዮ ላይ ከቀረብክ ወዲህ። ሚስትህን እንዳትቆጣት፤ የባሌ ቅጠል ነው ብላ ነው የምታፈላልኝ።»

«እትዬ፣ ሰው ላይ እኮ አልተሞከረም!»

«ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ?» አለችው።

እትዬ መስኮቱን ተደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ወንድምሽ ምንድን ነው የሚሠራው ሲለኝ፣ አይጥ ያረባል ነበር የምለው» አለች። «ያን ቀን ተኝቼ ሬዲዮውን ስሰማ ግን ገባኝ። የሚፈራ ሰው ሌሊት ጣሪያ ሲቆጥር እንደሚያድር ተናገርክ። ይሄ ልጅ ይህን በምን አወቀ አልኩ፤ ስለ እኔ የምታወራ መሰለኝ። ቤት ውስጥ እንደሆነ ጠይቀኸኝ አታውቅም። እና ጠጣሁት። ስድን ደግሞ የወንድሜ ቅጠል ነው ያዳነኝ ብዬ በየመንገዱ ላወራልህ ነበር።» ሊቁ በዚህ ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠው ደስታውን አይችለውም። ምድር ግን በዚያ ሆስፒታል በኩል በሴራሚክ የተነጠፈች ስለሆነች አልተከፈተችም። እትዬ እጁን ያዘችና በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ በሆነ ሹክሹክታ ለመነችው። ቅጠሉን ዛሬውኑ ትተዋለች፤ እሱ ግን ለሐኪሟ አይናገር። እህቱን በራሱ ቅጠል መረዘ ካሉት ሥራው ምን ይሆናል? ስሙስ?

እውነቱን ለመናገር፣ ሊቁ ሐሳቡን ወደደው። ለጥቂት ጊዜ ያህል ቆሞ በጣም ወደደው። እትዬ ትተወዋለች፣ ጉበቷ ይመለሳል፣ ማንም አያውቅም፤ እሱም በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፁን በሚሰበርበት ቦታ ይሰብራል። የማይሆንበት አንድ ምክንያት ብቻ ነበር፤ ሐኪሟ ካላወቀች ጥፋቱን የምታላክከው በመድኃኒቱ ላይ ነው፤ የሚቆመውም እህቱን በሕይወት እያቆያት ያለው መድኃኒት ነው። ያ አንድ ምክንያት ባይኖር ምን ያደርግ እንደነበር ራሱን ሊጠይቅ ፈለገና ፈራ። «እዚህ ጠብቂኝ» ብሏት እግሩን እየጎተተ ሄደ። ዓይኑን በጨው ታጥቦ የሚገባበት በር፣ ቅድም ደረቱን ነፍቶ የወጣበት በር ነበር።

ሐኪሟ ሲነግራት አላቋረጠችውም። ሲጨርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ቅድም ባለሙያ ነኝ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ።»

«በምኑ?»

«በቅጠሉ።»

ሐኪሟ ልትስቅ የምትችል ሴት ብትሆን ኖሮ እዚህ ላይ ትስቅ ነበር። በምትኩ መድኃኒቱን እንደማታቆም፣ እትዬ ቅጠሉን ትታ ደሟ እንደገና ታይቶ እንደሚቀጥሉ ነገረችው። ሊቁ እፎይ ብሎ ሊነሳ ሲል «ይቀመጡ» አለችው። ሰሞኑን የጉበት ውጤታቸው ያለ ምክንያት ከፍ ያለባትን ታማሚዎች በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች፤ የአንዷን መድኃኒት ቀንሳለች፣ የሌላውን ቀይራለች፣ ጥፋቱን በራሷ ላይ አድርጋ እንቅልፍ አጥታለች። ጣቶቿ አለቁ። «ሁሉም ውጭ ተቀምጠዋል። እኔ ብነግራቸው ሐኪም ቅጠል ስለሚጠላ ነው ይላሉ። ይሂዱና እርስዎ ይንገሯቸው።»

ሊቁ መጠበቂያው ክፍል መሃል ቆመ። በሬዲዮ ሲናገር ሺህ ሰው ሰምቶታል፤ እንዲህ ላብ አላጠመቀውም ነበር። ቅጠሉን ዛሬውኑ እንዲያቆሙ፣ ጉበት እንደሚጎዳ፣ ከኬሞው ጋር ተደርቦ ሊገድላቸው እንደሚችል ተናገረ። ልብስ ሰፊው ፋሻውን በእጁ ደግፎ በተሰበረ ድምፅ «ሬዲዮ ላይ ያሉት ውሸት ነው ማለት ነው?» ሲል ጠየቀው። «ውሸት አይደለም፤ ግማሹ ነው» አለ ሊቁ። ሌላው ግማሽ ምንድን ነው ቢሉት፣ ጉበቱ ነው አለ። መምህርቷ አልተዋጠላትም። «አይጦቹ ተረጋግተዋል ብለው አልነበር? አሁን የት ናቸው?» አለችው። «ሞተዋል። እኛው ነን ጉበታቸውን ለማየት የገደልናቸው። ሲሞቱ ግን ተረጋግተው ነበር» አለ፤ ከአፉ ከወጣ በኋላ ሊመልሰው ቢፈልግም አልሆነም። ጥግ ላይ ያሉት ሴቶች ተንሾካሾኩ። አንደኛዋ «የመድኃኒት ነጋዴዎች አስፈራርተውት ነው» አለች፤ ሁለተኛዋ «ፊቱን አታዪም? ገዝተውታል» አለች። መምህርቷ ደግሞ በአዘኔታ «ትሑት ሰው ነው፤ ትልቅ ሰው እንዲህ ነው» ብላ ፔርሙዟን አቀፈች። ሊቁ ያለውን ክብር ሁሉ አውጥቶ ጣለ። «አላውቅም እኮ ነው የምላችሁ! ይጥቀም፣ ይጉዳ፣ ስንት ይጠጣ፣ ለማን ይሁን፣ አላውቅም!» ብሎ ጮኸ። ራሱን ባዋረደ ቁጥር በዓይናቸው ይከብር ጀመር።

በዚህ መሃል እትዬ ከደረጃው በኩል መጣች። መቼ እንደተጠጋች አላየም። ክፍሉ መሃል፣ ከጎኑ ቆመች፤ ከትከሻው አትደርስም። «ስሙኝማ» አለች። «ይሄ ወንድሜ ነው፤ አዝዬ ነው ያሳደግኩት። አፉን ከፈታ ጀምሮ ያልመለሰው ጥያቄ የለም። መንገድ ብትጠይቁት የማያውቀውን አገር ያሳያችኋል። ተሳስቶ እንኳ ተሳሳትኩ አይልም፣ ሌላ ማስረጃ ያመጣል። አላውቅም ሲል ስሰማው በዕድሜዬ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ እመኑት።» ይህን ብላ ወደ እጅ መታጠቢያው ሄደች፤ ክዳኑን ፈትታ ፔርሙዟን ገለበጠችው። አረንጓዴው ውሃ እየተንቆረቆረ ወረደ። ልብስ ሰፊው ተነስቶ ከኋላዋ ተሰለፈ። ከሴቶቹ አንደኛዋ ተከተለች፤ ሁለተኛዋ ፔርሙዟን ይዛ ወጣች፤ ምን እንዳደረገችው አልታወቀም። መምህርቷ የመጨረሻዋ ሆነች። ደፋችው፤ ደፍታውም ባዶውን ይዛ ሊቁ ፊት ቆመች።

«እሺ ዶክተር፣ ማታ ፍርሃቱ ሲመጣ ምን ልሁን ታዲያ?»

የሊቁ ምላስ ሥር መልስ ነበር፤ ስለ አተነፋፈስ፣ ስለ እንቅልፍ ሰዓት፣ የተዘጋጀ። ዋጠው። እትዬ ተመልሳ ከተቀመጠችበት አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠና ወደ እሷ ዞረ። «እትዬ፣ ማታ ምን ትሆኛለሽ?» አላት።

እትዬ የምር መሆኑን ለማወቅ ፊቱን አየችው። «የእናንተ በር ሲዘጋ እሰማለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ከዚያ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነቅቼ የቀረሁ ይመስለኛል። ልቤ ይመታል። ተነስቼ ኮሪደሩ ላይ በመጻሕፍትህ መሃል ቆሜ፣ ላንኳኳ እጄን አነሳለሁ፤ ከዚያ ጠዋት ሥራ አለው ብዬ እመለሳለሁ። ብዙ ቀን ቆሜአለሁ።»

«አንኳኪ» አላት።

«በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚወሰደው?» አለች እትዬ። መጀመሪያ የሳቀችው መምህርቷ ናት፤ ልብስ ሰፊው ፋሻውን ይዞ ተከተላት። ሊቁም ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ የመጣለት ግን ልቅሶ ነበር። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ወንበሩም ከእሱ ጋር እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ። በዚያ ሁሉ በሽተኛ መሃል የሚያለቅሰው ጤነኛው እሱ ብቻ ነበርና ተራ በተራ ያባብሉት ጀመር። ልብስ ሰፊው ጀርባውን መታ መታ አደረገው፤ እትዬ በሻሿ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት። መምህርቷ አሁን እርስዎ ማለቱን ትታ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከቦርሳዋ አውጥታ ወደ አፉ አስጠጋችለት።

«ጠጣ፣ አይዞህ» አለችው። «ውሃ ብቻ ነው።»